ለወንድሜ ሰው ተገኘለት

እናታችን ሬስቲቱታ ሁለት ልጅ ወለደች። ሁለታችንም የአባታችንን በሽታ ወረስን፤ ሰው የተገኘው ግን ለአንዳችን ብቻ ነው።

ሰው ስል ትውውቅ፣ በጎን በር የሚያስገባ እጅ ማለቴ ነው። እኛ ናፖሊዎች ያለ ሰው ሆስፒታል መሄድን ራቁትን አደባባይ እንደ መውጣት እንቆጥረዋለን። ጥርሱን ሊነቀል የሚሄድ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ ማን አለን?» ብሎ ነው። ጥርሱ እስከዚያ ይጠብቃል።

በሽታችን ጡንቻ የሚበላ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤ ችኮላ አያውቅም። መጀመሪያ የዐይን ቆብ ይከብዳል፣ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያልጠገበ ይመስለዋል። ከዚያ እጅ የጨበጠውን አልለቅ ይላል፤ የበር እጀታ ይዘህ ጣቶችህ እስኪፈቱልህ እንደ ጅል ቆመህ ትጠብቃለህ። መጨረሻ ላይ ልብ ዘንድ ይደርሳል፤ ልብም ጡንቻ ነዋ። አባታችን ዕድሜ ልኩን ሰነፍ ሲባል ኖሮ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሞተ። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች እንኳ «እንቅልፍ ይወድ ነበር» እያሉ ነው ያጽናኑን።

እኔ ኤርሜሊንዳ፣ ማተርዴይ በሚባል ሰፈር የአንድ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነኝ። ወንድሜ ሳባቲኖ ታናሼ ነው፤ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ቢሮ አስቀመጡት። በአንድ የጸደይ ወቅት የሁለታችንም ልብ መዘግየት ጀመረ። የሠፈራችን ሐኪም አንድ ቀን ሁለታችንንም አስቀምጦ ፔስሜከር ያስፈልጋችኋል አለን። ፔስሜከር ከአንገት አጥንት በታች የሚቀበር ትንሽ ማሽን ነው፤ ከእሱ ሁለት ሽቦ ወደ ልብ ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ታችኛው ክፍል፣ አንዱ ወደ ላይኛው። የላይኛው ሽቦ ሁለት ሥራ አለው። ልብ ሲያንቀላፋ ይቀሰቅሰዋል፤ ልብ ሲያብድ ደግሞ ሰምቶ ለማሽኑ ይናገራል። ሁለተኛውን ሥራ አደራ እንዳትረሱት፤ መከራችን ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው።

የእናቴ ወንድም አኒየሎ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያውም የተከበረ ልብስ ሰፊ። ኮረብታው ላይ ባለው ሆስፒታል የልብ ክፍሉን የሚመራው ፕሮፌሰር ካራቪታ ጃኬት የሚያሰፋው እሱ ዘንድ ነው። የሐኪሙን ወሬ በሰማ በሳምንቱ ኮፍያውን ሳያወልቅ ቤታችን ገባ።

«ነገርኳቸው!» አለ። «እጅጌያቸውን እየለካሁ ነው የነገርኳቸው። ‹የእህትህ ልጅ የኔም ልጅ ነው› አሉኝ። በገዛ እጃቸው ነው የሚሠሩለት፣ ሰምታችኋል? በገዛ እጃቸው!»

እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ዕድሜ ይስጥህ የናቴ ልጅ! እኔን አፈር ያስበላኝ!»

«እኔስ?» አልኩ።

ያን ጊዜ ኮፍያውን አወለቀ። «ሊንዳዬ፣ የሰው ፊት አንዴ ነው የሚታየው። ሁለት ልጅ አሸክሜያቸው ‹ይሄ ሰውዬ አበዛው› ቢሉኝስ? አንዱንም እንዳላጣ ፈራሁ።»

«አንቺ ደግሞ ጠንካራ ነሽ» አለች እናቴ። «አንቺን ማንም ቢሠራሽ አንድ ነው።»

ሰው ጠንካራ ነሽ የሚልሽ ምንም ላይሰጥሽ ሲወስን ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠንካራ ነበርኩ። የዶሮው ሥጋ ሳይደርሰኝ ሲያልቅ ጠንካራ፣ ሳባቲኖ የአባታችንን ክፍል ሲወርስ ጠንካራ፣ እኔ ወጥ ቤት አጠገብ ስተኛ ጠንካራ። ሳባቲኖን ለዚህ ጠልቼው አላውቅም፤ እሱ ለምኖ አልተወደደም። እናቴን ግን ጠልቻታለሁ፤ አሁንም አንዳንድ ቀን እጠላታለሁ።

የሳባቲኖ ቀዶ ሕክምና ሠርግ ነበር ማለት ይቻላል። አጎቴ ኮሪደሩ ላይ እንዲቆም ተፈቀደለት፤ ነርሶቹ «የፕሮፌሰሩ እንግዳ» እያሉ ወንበር አመጡለት። ፕሮፌሰሩ ስለ እግር ኳስ እያወራ ሽቦውን አስገብቶ ጨረሰ። ሳባቲኖ ሲወጣ «ጺሜን ተላጭቼ የወጣሁ ነው የመሰለኝ» አለን። ፕሮፌሰሩም ጓንቱን እያወለቀ ወደ አጎቴ መጣ።

«የላይኛው ልብ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ኪስ አለች፤ ሽቦውን እዚያ ነው የምሰካው። ዘመኔን ሁሉ እዚያ ሰክቼ አንድም አልወለቀብኝ» አለ።

እውነቱን ነው። የሳባቲኖም ሽቦ እስከ ዛሬ አልወለቀም።

እኔን በተራዬ ጠሩኝ። የዕለቱ ተረኛ ዶክተር ሎፍሬዶ የምትባል፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ የሰካች፣ ሰላምታ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ሴት ነበረች። በኛ በሽታ ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ላይነቃ ስለሚችል ትከሻዬን ብቻ አደነዘዙት። ስለዚህ ፊቴ በጨርቅ ተሸፍኖ ሁሉን እሰማ ነበር።

«እዚህ ሞቷል» አለች ሎፍሬዶ።

«ማን ነው የሞተው?» አልኩ ከጨርቁ ሥር።

«ዝም በይ ሲኞራ። እየሰማሁ ነው።» ሽቦው ደረቴ ውስጥ ሲሄድ ልቤ አንዴ ዘለል አለ። «እዚህም ሞቷል። ይሄ ደግሞ ጠባሳ ነው። ይሄም እንደዚያው።»

«ዶክተር፣ በሕይወት ያለ ነገር ካገኙ ይንገሩኝ። ለቀብር የሚሆን ቀሚስ አላዘጋጀሁም።»

ነርሷ ሳቀች። ሎፍሬዶ ግን አልሳቀችም፤ ሽቦውን ትንሽ ታስጠጋለች፣ ማሽኑን ታያለች፣ ታነሳለች፣ ሌላ ቦታ ታስጠጋለች። ፈራሁ፤ የገዛ ልቤ ውስጥ መቃብር ለመቃብር የምንዞር መሰለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሠፈር ቋንቋ አንድ የማይጻፍ ስድብ ተሳደበችና «አገኘሁሽ!» አለች። በሁለቱ የላይ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ገና የሚኖር አንድ የጡንቻ ዘለላ ነበር። ሽቦውን እዚያ አጥብቃ ሰካችው።

እየሰፋችኝ ሳለ ለምን ያን ያህል እንደ ቆየች ጠየቅኋት።

«ሰው ሁሉ የሚሰካባት ኪስ አለች» አለች። «ቅርብ ናት፣ ሽቦ ትይዛለች፤ ጤነኛ ጡንቻ ላለው ሰው ምንም አይላትም። እናንተ ላይ ግን በሽታው እሷንም ይበላታል። የሞተ ሥጋ ላይ የተሰካ ሽቦ እንደ ምስማር ነው፤ ይይዛል እንጂ አይሰማም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የቱ ጋ ሕይወት እንዳለው መፈለግ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።»

«ወንድሜም ተፈልጎለት ይሆን? እሱን ፕሮፌሰሩ ናቸው የሠሩት።»

መርፌዋ ቆመ። «ያንን እሳቸውን ጠይቂ» አለችና መስፋቷን ቀጠለች።

ቤት ስደርስ እናቴ የትከሻዬን እብጠት አየች። «ምን ስትሠራብሽ ነው የዋለችው?»

«ስትፈልግ።»

«አላልኩሽም? የማታውቅ ናታ! የሚያውቅ ሰው ምን ይፈልጋል? አንቺ ላይ ተለማምዳ ለቀቀችሽ።» ለሳባቲኖ የሠራችውን ሾርባ ጨልፋ ሰጠችኝ፤ ይህንንስ አልክድም።

መከር ሲገባ ለምርመራ ተጠራሁ። ማሽኔ አንድ ነገር መዝግቦ ነበር። የላይኛው ልቤ አልፎ አልፎ መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም፣ ሽቦው ግን ሰምቶታል። ልብ ሲንቀጠቀጥ ደም ውስጡ ቆሞ ይረጋል፣ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ ጭንቅላት ከሄደ አለቀልሽ፣ አለችኝ ሎፍሬዶ፤ እንደ እሷ ያለ አጽናኝ አይገኝም። ደም የሚያቀጥን ክኒን አዘዘችልኝ። ክኒኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ስወጣ ሳባቲኖ ትዝ አለኝ። ሰሞኑን ደረቱን እያሻሸ «ቡና ማፍያው ሊፈላ ሲል ይንዘረዘር የለ? እንደሱ ያደርገኛል» ይል ነበር።

ይህን ለፕሮፌሰሩ ነግሮት ነበር። ፕሮፌሰሩ የማሽኑን መዝገብ አይቶ «እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ምንም መንቀጥቀጥ የለም» ብሎ ጉንጩን ቆንጥጦ ሸኘው። ተመልሼ ሎፍሬዶ ዘንድ ገባሁና ነገርኋት።

«ሽቦው ደንቆሮ ከሆነ ማሽኑ ከየት ሰምቶ ይናገራል?» አለች። «ይምጣ። የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚስለውን ተራ ምርመራ ደረቱ ላይ አደርግለታለሁ፤ ቡና ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ያልቃል። ግን በራሱ እግር መጥቶ ይጠይቀኝ። የፕሮፌሰሩን በሽተኛ ከኮሪደር ጎትቼ ብወስድ ነገ የምቀመጥበት ወንበር አላገኝም።»

ክረምቱን ሙሉ ለመንኩት። ዛሬ ይበርዳል፣ ዛሬ ደክሞኛል፣ አጎቴ ይሰማል ይለኛል። በመጨረሻ ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ እሑድ ምሳ ላይ ሁሉም በተሰበሰቡበት አነሣሁት። አጎቴ ፓስታ የጠቀለለበትን ሹካ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«ሌላ ሐኪም ዘንድ? እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያው ኮሪደር? ፕሮፌሰሩ ቢሰሙ በምን ዐይኔ ነው የማያቸው? ሰውዬው ያን ሁሉ ውለታ ውለውልን!»

«አጎቴ፣ ውለታው አይሰማም እያልኩህ ነው።»

«አፍሽን ያዢ!» አለች እናቴ። «ሰው ያጎረሰው እጅ ላይ ይተፋል?»

እኔ ግን ነገሩ አንዴ ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። «ቆይ አጎቴ፣ አንተ አንድ ጃኬት ለመጨረስ ደንበኛህን ስንቴ ነው የምትለካው?»

«ሦስቴ። አስቸጋሪ ትከሻ ከሆነ አራቴ» አለ፤ ሥራው ሲነሣ መኩራቱን አይተውም። «ትከሻ ከትከሻ ይለያያላ!»

«እንግዲህ የካራቪታ ትከሻ ከሰው ሁሉ ይለያል፤ የሳባቲኖ ልብ ግን እንደ ማንም ልብ ነው? አንተ ለጨርቅ አራቴ ትለካለህ፣ ሰውዬህ ለልብ አንዴ አልለካም።»

ፊቱ እንደ ፓስታው ወጥ ቀላ። «ልብስ ሰፊና ፕሮፌሰር ታወዳድሪያለሽ?»

«አላወዳድርም። አንተ ትበልጣለህ።»

«ቅናት ነው!» አለች እናቴ ጠረጴዛውን እየመታች። «ለእሱ ትልቅ ሰው ተገኝቶለት ለአንቺ ያቺ ጀማሪ ደረሰችሽ፤ ይኸው ነው የሚያንገበግብሽ!»

ያለችው በጣም ገባኝ። ያን ቀን ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር።

ወደ ሳባቲኖ ዞርኩ። «አንተ ምን ትላለህ? ደረቱ ያንተ ነው።»

የከበዱትን የዐይን ቆቦቹን አነሣ። ድምፁ በአፍንጫው ነው የሚወጣው፤ እሱም የበሽታው ነገር ነው። «ከፋሲካ በኋላ ይሁን ሊንዳ። እማ ለፕሮፌሰሩ የፋሲካ ኬክ እየጋገረች አይደል? ኬክ ልከንላቸው በማግሥቱ ሌላ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ነውር አይሆንም?»

ሁሉም ሳቁ፤ ነገሩ በሳቅ አለፈ። በሽታችን ሰውን «በኋላ» ማለት ያስወድደዋል፤ አባታችንም እንደዚያ ነበር። ጎትቼ እንዳልወስደው ደግሞ እኔ የተማሪ ቦርሳ እንኳ ማንሣት አልችልም። ኬኩ ተላከ። ካራቪታም «ምን አስቸገራችሁ» የሚል መልእክት በአጎቴ በኩል ላከ፤ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ነገረችው።

የፋሲካ ማግሥት ሰኞ ሰው ሁሉ ወደ ሜዳ ይወጣል። እኛ ደረጃ ስለሚያስቸግረን ቤት ሆነን ካርታ እንጫወት ነበር። ሳባቲኖ ካርታ ሲጥል ጣቶቹ ቶሎ አይፈቱለትምና አጎቴ ሁሌ ይቀልድበታል።

«ልቀቃት እንጂ! ልታገባት ነው እንዴ?»

ሳባቲኖ ሊስቅ ሲል እጁ ተከፈተ። በአንድ ጊዜ ተከፈተና ካርታዎቹ በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰሱ።

«ይኸው ለቀቀ!» ብሎ አጎቴ አጨበጨበ።

እኔ ግን ብድግ አልኩ። የኛ እጅ እንደዚያ አይከፈትም፤ በሕይወታችን ሙሉ እንደዚያ ተከፍቶ አያውቅም። ቀና ብዬ ሳየው አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር፤ ዐይኑ እኔ ላይ ነው፣ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር አልወጣ ብሎታል። እናቴ ጮኸች። አጎቴ እጆቹ ገና ለጭብጨባ እንደ ተዘረጉ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሎፍሬዶን አስጠሯት። የወረቀት ምርመራውን ደረቱ ላይ አደረገችና እንደ ወጣ ዘርግታ አሳየችን። መስመሩ እንደ ሽማግሌ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ እንኳ አየሁት። ከዚያ ማሽኑን ጠየቀችው። ማሽኑ አንድም መንቀጥቀጥ አልመዘገበም። በዚያች ደቂቃም እንኳ ልቡ ጤነኛ ነው ይል ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ እንደሚንቀጠቀጥ ማሽኑ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም» አለች። «ሽቦው የሞተ ሥጋ ላይ ነው። ክኒኑን ቀድሞ ቢያገኝ ኖሮ...»

አጎቴ ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጨመቀ ጠጋ አላት። «ዶክተር፣ ይህን ነገር ከእኛ ሰሙ እንዳይባል... ፕሮፌሰሩ ቅር እንዳይላቸው።»

ሎፍሬዶ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ወጣች። አጎቴን ያን ጊዜ ልጮህበት ነበር። ግን እንባው ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እያለቀሰም የሚፈራው ካራቪታን ነበር። ምን ይባላል እንዲህ ያለ ሰው።

የሳባቲኖ ቀኝ ጎን አልተመለሰም። ቋንቋውም ሄደ፤ አንድ ቃል ብቻ ተረፈችው። ውሃ ሲጠማው «አመሰግናለሁ» ይላል። አልጋው ሲርስበት «አመሰግናለሁ»። ወገቡን ሲያመው እያለቀሰ «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ»። ንግግር የምታለማምደው ሴት፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከልምድ ብዛት ሳይታሰብ የሚወጣ ቃል ብቻ ይተርፋል ብላ አስረዳችን። እኔ ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ ዓመቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ ከዚያ በላይ የተባለ ቃል አልነበረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ካራቪታ ተከታዮቹን አስከትሎ ክፍሉን ሊጎበኝ መጣ። ሎፍሬዶም ከኋላ ነበረች። እናቴ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ፀጉሯን አስተካከለች። አጎቴ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆመ፤ ዐይኑ የሰፋው ጃኬት ላይ ነበር።

«እንዴት ነን ጀግናዬ?» አለ ካራቪታ አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ።

«አመሰግናለሁ» አለ ሳባቲኖ። ፊቱ ደም መሰለ። በግራ እጁ ማሽኑ የተቀበረበትን ደረቱን ይደበድብ ጀመር። «አመሰግናለሁ! አመሰግናለሁ! አመሰግናለሁ!»

«አያችሁ፣ ንግግሩ እየመጣ ነው» አለ ካራቪታ ወደ ተከታዮቹ ዞሮ። «ትናንት የደረቱን ራጅ አይቼዋለሁ፤ ሽቦውም ከቦታው ንቅንቅ አላለም።»

እናቴ ዐይኔን እየፈለገች ነበር፤ ዝም እንድል። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ዐይን ስታዘዝ ኖሬያለሁ።

«ፕሮፌሰር» አልኩ፣ «እያመሰገነዎት አይደለም። ሌላ ቃል ስለሌለው ነው። እየሰደበዎት ነው።»

ሎፍሬዶ ጫማዋን አየች። ሳባቲኖ ደረቱን መደብደቡን ተወና ወደኔ ዞረ፤ ከወደቀ ጀምሮ እንደዚያ ፊቱ ተፈትቶ አይቼው አላውቅም። እናቴ ግን ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ፤ በሌላው እጇ የካራቪታን እጅጌ ያዘች።

«ይቅር ይበሏት ፕሮፌሰር፣ በእመቤታችን!» አለች። «ምን ታድርግ፣ እሷም በሽተኛ ናት።»

ካራቪታ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «አላወቅሁም ነበር። የማን በሽተኛ ናት?»

እናቴ ወደኔ አየች፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ወደ ቆመችው ሎፍሬዶ አየች።

«የማንም አይደለችም» አለች።